ገንዳውን ማን ያጥባል?

ባለፈው ሰሞን ሙዱላ የሚኖር የልጅነት ወዳጄ ደወለልኝ። ትንሽ ፔንሲዮን አለው። «ግቢው ውስጥ ፏፏቴ ላሠራ ነው፤ አዲስ አበባ ያየሁትን ዓይነት፣ ማታ ማታ ባለ ቀለም መብራት ያለው» አለኝ። «ውሃውስ?» አልኩት። ሳቀና «ቧንቧማ አለኝ እኮ!» አለ። ቧንቧ መኖርና ውሃ መኖር ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን እሱ ከእኔ የበለጠ ያውቃል።

ይህን የምጽፈው ለእሱ ነው። ግን የኮሪደር ልማቱ ከአዲስ አበባ ተነስቶ ሆሳዕናን ጨምሮ ወደ ክልል ከተሞች እየወረደ ስለሆነ፣ የእሱ ጥያቄ ነገ የየከተማው ከንቲባ ጥያቄ ነው። እናንተም አንብቡት።

ውሃ ሽቅብ ሲወጣ ማሳየት በአገራችን ከሥልጣን ጋር የተያያዘ አሮጌ ወግ አለው። በ1880ዎቹ (በእኛ አቆጣጠር) ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ በኩል ውሃ በቧንቧ ስቦ አፄ ምኒልክ ግቢ አስገባ። ቧንቧው ከተራራው ወርዶ፣ ዝቅተኛውን ቦታ አቋርጦ፣ እንደገና የግቢውን ኮረብታ መውጣት ነበረበት። ውሃ ሽቅብ ሲሄድ አይቶ የማያውቀው ሕዝብ ተገረመ፣ ግጥም ተገጠመ። የንጉሡን ዜና መዋዕል የጻፉት ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴም ነገሩን ሳይመዘግቡ አላለፉም። ምስጢሩ ግን ቀላል ነበር። የውሃው መነሻ ከግቢው ከፍ ያለ ስለሆነ ሞተርም ነዳጅም ሳያስፈልገው የራሱ ክብደት ገፍቶ አወጣው።

ከዚያም በፊት ጎንደር አለ። የፋሲል መዋኛ የምንለው ትልቁ ገንዳ ለጥምቀት ሲደርስ ከቀሃ ወንዝ በቦይ ይሞላል፤ በዓሉ ሲያልፍ ዓመቱን ሙሉ እንደሞላ አይቀመጥም። ለእኔ ከሕንፃው ይልቅ የሚያስቀናኝ ይህ ነው፦ ውሃው መምጫም መሄጃም ቀን አለው።

ፈረንጆቹም ቢሆኑ በዚህ ጉዳይ ብዙ ተፈትነዋል። ሉዊ 14ኛ ቬርሳይ ላይ ያቆማቸውን ፏፏቴዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ለመክፈት ውሃ አልበቃ ብሎት ነበር። ከሴን ወንዝ ውሃ የሚገፋ ግዙፍ መሣሪያ ማርሊ ላይ ተተከለ፤ ያም አልበቃም። ስለዚህ ንጉሡ ሲንሸራሸር ሠራተኞቹ በፉጨት እየተጠራሩ፣ ከፊቱ ያለውን ይከፍታሉ፣ ያለፈውን ይዘጋሉ። (እኛ አገር እንግዳ ሲመጣ ብቻ የሚከፈት ፏፏቴ ስታዩ፣ ወጉ ከየት እንደመጣ አሁን ገባችሁ።) ሮማውያን ግን ሌላ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ97 የከተማው የውሃ ኃላፊ ሆኖ የተሾመው ፍሮንቲኑስ የጻፈው መጽሐፍ እስከ ዛሬ አለ። ቦዮቹንና ገንዳዎቹን የሚጠብቁት ሠራተኞች 700 እንደነበሩ ቆጥሮ አስቀምጧል፤ 240ው የመንግሥት፣ 460ው የቄሣሩ። የሮማ ፏፏቴ ዝናው የቀራጩ ቢሆንም ዕድሜው የእነዚህ 700 ሰዎች ነው።

አሁን ወደ እኛ። ስሙን የማልጠራው አንድ ከተማ አደባባይ ላይ የቆመ ፏፏቴ አውቃለሁ። በተመረቀ ዕለት ውሃው ዘለለ፣ ሕዝቡ አጨበጨበ። ቆየና መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ቆመ፣ ፓምፑ ሲቆም ውሃው ተኛ። ከዚያ ልጆች ፌስታል ጣሉበት፣ ዝናብ ሞላበት።

ይህ የውበት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍኩ። የወባ ትንኝ እጭ የሚያድገው በተኛ ውሃ ነው። ከእስያ የመጣችው አኖፊለስ ስቴፈንሲ እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ተገኝታለች፤ በ2022 ድሬዳዋ ላይ ለተነሳው ወረርሽኝ ምክንያት ሆናለች። እሷ ረግረግ አትፈልግም፤ የግንባታ ጉድጓድ፣ በርሜል፣ የሲሚንቶ ገንዳ ይበቃታል። የጠምባሮ ሰው ወደ ኦሞ ሸለቆ ሲወርድ ወባ ምን እንደሆነ ያውቃል። ደጋው ላይ ያለው ከተማ በገዛ ገንዘቡ መራቢያ ሠርቶ እንዲሰጣት አልፈልግም። በሞቃት አየር እንቁላሉ ትንኝ ለመሆን ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ብቻ ይበቃዋል። ስለዚህ ገንዳ በሳምንት አንድ ቀን ተደፍቶ መታጠብ አለበት።

ለወዳጄ ያልኩት እንዲህ ነው። ገንዳህን አነስተኛና ጥልቀት የሌለው አድርገው፣ ከሥሩ ማፍሰሻ ይኑረው። ማፍሰሻ የሌለው ገንዳ አይታጠብም፤ ማንም በጣሳ እየቀዳ አያደርቀውም። ውሃው የሚዘልበት ከፍታ ከመሃል እስከ ጠርዝ ካለው ርቀት አይብለጥ፤ አለበለዚያ ነፋስ ውጭ ይረጨዋል፣ በየቀኑ ትሞላለህ። ከባድ ጥላ ካለው ዛፍ ሥር አታቁመው፤ ቅጠሉ የፓምፑን ወንፊት ይደፍናል፣ ፓምፑ በደረቁ ሲሠራ ይቃጠላል። ነጭ ቅርፊት ሲይዝ በአቼቶ እሸው፣ አረንጓዴውን በብሩሽና በጥቂት በረኪና አስለቅቀው፤ ሁለቱን ግን አንድ ላይ እንዳትቀላቅል፣ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው። የኤሌክትሪኩን ሥራ ለባለሙያ ስጥ፤ ውሃና ገመድ አብረው ያሉበት ቦታ ላይ ልጅ ይጫወታል።

«መብራት ሲጠፋስ?» አለኝ።

የኢልግን ነገር ነገርኩት። ግቢው ተዳፋት ነው። ከላይኛው በኩል ሮቶ ያስቀምጥ፣ ጣሪያው ላይ የሚወርደውን ዝናብ ያጠራቅም፣ ከዚያ ቀጭን ቱቦ ወደ ታች ያውርድ። እንደ አዲስ አበባው አይጨፍርም፤ ቀስ ብሎ እየተንጠባጠበ ድንጋይ ላይ ይወርዳል። ደግሞ ይህ ለአካባቢው እንግዳ ነገር አይደለም። ገጠሩ ውስጥ ምንጭ ሲጎለብት የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው፦ ምንጩ ከላይ፣ ማጠራቀሚያው ከመሃል፣ ቦኖው ከታች። ኮሚቴ አለው፣ ዘበኛ አለው፣ ሲበላሽ የሚዋጣ ገንዘብ አለው። ከተማ ሲገባ ነው ኮሚቴው የሚረሳው። ለፏፏቴ ጨረታ የሚያወጣ ማዘጋጃ ቤት፣ ገንዳውን የሚያጥበውን ሰው ደመወዝ እዚያው ሰነድ ላይ ካላሰፈረ፣ ጎረቤት ያለው ቦኖ ደግሞ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ የሚመጣ ከሆነ፣ እኔ ምረቃው ላይ አላጨበጭብም።

ወዳጄ ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ «የሚተርፈው ውሃ የት ይሄዳል?» አለኝ።

«እንሰት የለህም?»

«አለኝ።»

«እንግዲያው እዚያ።»

ሐሙስ ዕለት ፎቶ ላከልኝ። ፏፏቴው ገና አልተጀመረም። ማፍሰሻው ግን ተቆፍሯል።