የድረ ገጽ ኮሚኮች መሻገሪያ ታሪክ

መሻገሪያ ታሪክ (ክሮስኦቨር) የተለያዩ ኮሚኮች ገጸ ባሕርያት በአንድ ታሪክ ውስጥ የሚገናኙበት አተራረክ ነው። አንድ ገጸ ባሕርይ በሌላ ኮሚክ ጀርባ ላይ ለአፍታ ብቅ ቢል መሻገሪያ አይባልም፤ በታሪኩ ሂደት ውስጥ ድርሻ ሊኖረው ይገባል።

በኅትመት ዓለም መሻገሪያ የኩባንያዎች ስምምነት ይጠይቃል። ሱፐርማንና ስፓይደርማን እ.ኤ.አ. በ1976 በአንድ መጽሐፍ የተገናኙት ዲሲ እና ማርቭል ተስማምተው ነው። የድረ ገጽ ኮሚክ ግን አብዛኛውን ጊዜ የደራሲው የራሱ ንብረት ስለሆነ፣ የሁለት ደራስያን ኢሜይል መለዋወጥ ይበቃል። ችግሩ የሚመጣው በኋላ ነው፦ በጋራ የተሣለውን ገጽ በመጽሐፍ የማሳተም መብት የማን ነው? በቃል ብቻ የተስማሙ ደራስያን ለዚህ መልስ አይኖራቸውም።

ታሪኩ አንዳንዴ በአንዱ ድረ ገጽ ላይ ብቻ ይወጣል፤ አንዳንዴ ደግሞ ገጾቹ በሁለቱ ድረ ገጾች ላይ እየተፈራረቁ ይወጣሉና አንባቢው ሊንክ እየተከተለ ማንበብ አለበት። ሁለተኛው አካሄድ ለሁለቱም አዲስ አንባቢ ያመጣል፣ ነገር ግን አንዱን ብቻ የሚከታተል ሰው ግማሽ ታሪክ ይዞ ይቀራል።

አክስ ኮፕ የተባለው ኮሚክ ሲጀመር ታሪኩን የሚፈጥረው የ5 ዓመት ልጅ፣ የሚሥለው ታላቅ ወንድሙ ኢታን ኒኮል ነበር። ጀግናው ከክሪስቶፈር ሄስቲንግስ ዶክተር ማክኒንጃ ጋር ተገናኝቷል፤ ሐኪም የሆነ ኒንጃ መጥረቢያ ከያዘ ፖሊስ ጋር ሲሰለፍ ማንም አልተገረመም። ዴቪድ ዊሊስ በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ2010 በጀመረው ዳምቢንግ ኦቭ ኤጅ የቀድሞ ኮሚኮቹን ገጸ ባሕርያት በአንድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አድርጎ ሰብስቧቸዋል። ይህ ከራስ ጋር መሻገር ስለሆነ ፈቃድ አያሻውም።

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 1 ቀን 2008 (መጋቢት 23 ቀን 2000 ዓ.ም.)፣ በአፕሪል ዘ ፉል፣ ኤክስኬሲዲ፣ ክዌስቸነብል ኮንተንት እና ዳይነሰር ኮሚክስ አድራሻ ተለዋወጡ፤ አንዱን የከፈተ አንባቢ ሌላውን አገኘ። ይህ በጥብቅ ትርጉሙ መሻገሪያ አይደለም፣ ገጸ ባሕርያቱ አልተገናኙምና፤ በወረቀት ግን ሊሠራ የማይችል ቀልድ ነው።

በሁለት ሰርቨር ላይ የተከፈለ ታሪክ አንዱ ሲዘጋ ይጎድላል። እ.ኤ.አ. በ1997 የተጀመረው ዩዘር ፍሬንድሊ በ2022 ከኢንተርኔት ሲወርድ፣ ከሌሎች ድረ ገጾች ወደ እሱ የሚያመሩ የቆዩ ሊንኮች መድረሻ አጥተዋል።