የማይዘጋው መስመር

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ በፕሮክሲ፣ ማለትም በብራውዘሩና በሰርቨሩ መካከል በሚቆም አስተላላፊ ሶፍትዌር፣ በኩል ድረ ገጽ የሚከፍቱ ሰዎች ግራ የሚያጋባ ችግር ይገጥማቸው ነበር። የመጀመሪያው ፋይል በደህና ይመጣል፤ ቀጣዩ ሲጠየቅ ግን ድምፁ ይጠፋል። ኬብሉ ደህና ነው፤ ሰርቨሩም ብራውዘሩም ለየብቻ ሲፈተሹ እንከን የለባቸውም።

ፕሮክሲ የተፈለገው ለተቃራኒው ነበር። አሪ ሉኦቶነን የምርምር ማዕከሉን የሰርንን ሰርቨር ወደ ፕሮክሲነት ካሳደገ በኋላ፣ በሜይ 1994 ጄኔቫ ላይ በተካሄደው የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የድር ጉባኤ ከኬቪን አልቲስ ጋር ሥራውን አቀረበ። ሶፍትዌሩ የአንድን ድርጅት ጥያቄ ሁሉ ወደ ውጭ ያስተላልፋል፤ አንዴ የመጣውን ገጽ አስቀምጦም ለሌላው ጠያቂ ወዲያው ይሰጣል።

ያኔ ብራውዘርና ሰርቨር የሚነጋገሩበት ደንብ፣ ኤችቲቲፒ፣ ለእያንዳንዱ ፋይል አዲስ ግንኙነት ይከፍት ነበር። አሥር ሥዕል ያለበት ገጽ አሥራ አንድ ጊዜ መክፈትና መዝጋት ይጠይቃል። ይህን ብክነት ለማስቀረት ብራውዘሮች “ኮኔክሽን፦ ኪፕ-አላይቭ” የሚል መስመር መላክ ጀመሩ፤ ሰርቨሩ ግንኙነቱን እንዳይዘጋ ማሳሰቢያ ነው። አሮጌዎቹ ፕሮክሲዎች ግን መስመሩን አያውቁትም፤ የማያውቁትን ደግሞ እንዳለ ያሳልፋሉ።

ጣጣው እዚህ ላይ ተጀመረ። ሰርቨሩ ማሳሰቢያው ከፕሮክሲው የመጣ መስሎት ግንኙነቱን ክፍት ያደርጋል፤ ቀጣዩን ጥያቄም ይጠብቃል። ፕሮክሲው ሰርቨሩ እስኪዘጋ ይጠብቃል። ብራውዘሩ ቀጣዩን ጥያቄ ልኳል፤ የሚያነብለት ግን የለም። ከሦስቱ አንዱ የመጠበቂያ ጊዜው አልፎ እስኪዘጋ ድረስ ተጠቃሚው “ኔትወርኩ ቀርፋፋ ነው” ይላል።

ችግሩን ለመፍታት የብራውዘር አምራቹ ኔትስኬፕ “ፕሮክሲ-ኮኔክሽን” የተባለ ሌላ መስመር ፈጠረ። አዲሱ ፕሮክሲ ሲያየው ወደ “ኮኔክሽን” ይለውጠዋል፤ አሮጌው ሳይገባው ቢያሳልፈውም ሰርቨሩ አይሰማውም። ብልህ መላ ነበር፤ ለአንድ ፕሮክሲ ብቻ። አሮጌውና አዲሱ ተከታትለው ከቆሙ አሮጌው ያሳለፈውን አዲሱ ይለውጠዋል፤ ችግሩም ይመለሳል።

ሁነኛው መፍትሔ በጃንዋሪ 1997 መጣ። ሮይ ፊልዲንግ፣ ጂም ጌቲስ፣ ጄፍሪ ሞጉል፣ ሄንሪክ ፍሪስቲክ እና ቲም በርነርስ-ሊ ያዘጋጁት ኤችቲቲፒ 1.1 “ኮኔክሽን” ከአንዱ ጎረቤት ወደ ሌላው ብቻ እንዲያገለግል፣ ፕሮክሲውም ከማስተላለፉ በፊት እንዲያነሳው ደነገገ። ከዚህ የማይተናነስ ሌላም ነገር አመጣ፦ “ቪያ” የተባለው መስመር እያንዳንዱ ፕሮክሲ በመንገዱ ላይ መኖሩን እንዲያስመዘግብ ያስገድዳል። ያለዚህ መስመር ጥገና ግምት ነበር።

“ፕሮክሲ-ኮኔክሽን” ግን አልጠፋም። በ2022 የወጣው የኤችቲቲፒ 1.1 ደንብ ሰነድ፣ አርኤፍሲ 9112፣ እንኳ ብራውዘሮች ይህን መስመር እንዳይልኩ ይመክራል።