መቀስና ወረፋ

በባንክ ቤት ቋንቋ «ኩፖን» ማለት የቦንድ ወለድ ነው። ቃሉ የተገኘው «መቁረጥ» ከሚለው የፈረንሳይኛ ግስ ነው። በቀድሞው ዘመን ከቦንዱ ወረቀት ጋር ትንንሽ ቁራጮች ተያይዘው ይታተሙ ነበርና፣ ባለ ቦንዱ የወለድ ቀን በደረሰ ቁጥር አንዷን በመቀስ ቆርጦ ለባንክ እያስረከበ ገንዘቡን ይቀበል ነበር። ኩፖን እንግዲህ በመጀመሪያ የባለጸጋ ወረቀት ነበረ። ወደ ድሃ ጓዳ የገባው ኋላ ነው፤ ያም የራሱ ታሪክ አለው።

በ1880ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ኮካ ኮላ በአሜሪካ፣ በአትላንታ ከተማ፣ ገና ያልታወቀ መጠጥ ነበር። የአንድ ብርጭቆ ዋጋ 5 ሳንቲም ነው። ባለቤቶቹ «ይህን ለያዘ አንድ ብርጭቆ በነጻ ይሰጠው» የሚል ወረቀት ለሕዝብ አደሉ፤ ሂሳቡንም ለሻጩ ራሳቸው ከፈሉ። እ.ኤ.አ. ከ1894 እስከ 1913 ድረስ በዚህ ዘዴ 8.5 ሚሊዮን ያህል ብርጭቆ በነጻ እንደ ተጠጣ ይገመታል። የቀመሰ ሰው በገዛ ገንዘቡ ተመልሶ ይመጣልና ስጦታው ኪሳራ አልነበረም። የሳሙናውም፣ የቡናውም፣ የዱቄቱም አምራች መንገዱን ተከተለ።

እ.ኤ.አ. በ1929 የጀመረው የኢኮኖሚ ድቀት ሚሊዮኖችን ሥራ ሲያሳጣ ግን የወረቀቱ ትርጉም ተለወጠ። ያን ጊዜ ከጋዜጣ ላይ የምትቆረጥ የጥቂት ሳንቲም ቅናሽ ለቤት እመቤት የራት ጉዳይ ሆነች። መንግሥትም በተራው ግንቦት 1939 (እ.ኤ.አ.) በኒውዮርክ ግዛት፣ በሮቸስተር ከተማ፣ የምግብ ቴምብር ጀመረ። ችግረኛው በ1 ዶላር ብርቱካናማ ቴምብር ሲገዛ የ50 ሳንቲም ሰማያዊ ቴምብር በነጻ ይመረቅለታል፤ በሰማያዊው የሚገዛው ከገበሬው እጅ የተረፈውን ምርት ብቻ ነው። አንዱ ጋ እህል ተርፎ ይበሰብሳል፣ ሌላው ጋ ሰው ይራባል፤ ሁለቱን ያገናኘችው ያቺ ቁራጭ ወረቀት ናት።

ጦርነት ደግሞ ሦስተኛ መልክ ሰጣት። በእንግሊዝ አገር ከ1940 እስከ 1954 (እ.ኤ.አ.) የራሽን ደብተር የሌለው ሰው ገንዘብ ቢኖረውም ስኳርና ቅቤ እንደ ልቡ መግዛት አይችልም ነበር። እዚህ ላይ ወረቀቷ ዋጋ መቀነሷ ቀርቶ ድርሻ ማስከበሪያ ሆነች።

ይህን ሦስተኛ መልክ እኛም እናውቀዋለን። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቀበሌዎች ከተቋቋሙ በኋላ የኅብረት ሱቆች ተከፈቱ፤ ስኳሩም ሳሙናውም በቤተሰብ ቁጥር እየተመጠነ፣ በካርድ ይታደል ጀመር። እናቴ ያንን ካርድ እስከ ዛሬ በሣጥኗ ውስጥ አኑራዋለች። ጠርዙ ተበልቷል፤ የሱቁ ሠራተኛ ምልክት ግን አልጠፋም። «በነጋዴው ዋጋ ብንገዛ ኖሮ አንዘልቀውም ነበር» ትላለች። ስንት ሌሊት ወረፋ ለመያዝ እንደ ወጣች ስጠይቃት ግን ሳቅ ብላ ዝም ትላለች።

እኔን ያሳሰበኝ ይህ ዝምታ ነው። በአሜሪካ የቅናሽ ኩፖን ጉዞ የባንክ ሰው ቼክ ሲያወራርድ እንደሚያየው ያለ ነው፦ ሸማቿ ለሱቁ ትሰጣለች፣ ሱቁ ወደ ቆጣሪ ድርጅት ይልካል፣ አምራቹ ይከፍላል። አምራቹ ደግሞ ወጪውን ከሸቀጡ ዋጋ ውስጥ ያስገባዋል። ስለዚህ ያልቆረጠው ለቆረጠችው ይከፍላል ማለት ነው። ከሚታደለው ሁሉ ተቆርጦ ሱቅ የሚደርሰው ከመቶ ጥቂቱ ብቻ ነው። የቀረውን ያስቀረው መሰልቸት ነው፤ መቀስ አንሥቶ መቀመጥ ጊዜ ይፈልጋልና።

በብዙ የአሜሪካ ኩፖኖች ግርጌ በደቃቅ ፊደል «የገንዘብ ዋጋው የአንድ ሳንቲም አንድ መቶኛ» የሚል ጽሑፍ ይታያል። ለሕግ ሲባል የተጻፈ ነው፤ ሆኖም እውነት አለው። ወረቀቱ በራሱ ዋጋ የለውም። ዋጋ የሚሆነው የሴቲቱ ድካም ሲጨመርበት ነው፤ እዚያ በመቀስ፣ እዚህ በወረፋ።

ቀኑን ሙሉ የሰው ገንዘብ ስቆጥር እውላለሁ። የእናቴ ሌሊቶች የተመዘገቡበት መዝገብ ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም፤ ያለው ያ ጠርዙ የተበላ ካርድ ብቻ ነው።