የጥድ ሕመሞች በአዳማና በስምጥ ሸለቆ ከተሞች

በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ግቢና አጥር ላይ የሚታዩት የጥድ ዓይነቶች በዋናነት ሦስት ናቸው፦ የአገር በቀሉ የሐበሻ ጥድ፣ ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣው የፈረንጅ ጥድ፣ እንዲሁም ረጃጅም መርፌ መሳይ ቅጠል ያላቸው ፓይኖች። ከፓይኖቹ ፓቱላ የሜክሲኮ፣ ራዲያታ የካሊፎርኒያ ተወላጅ ነው። ለሁሉም የሚስማማው ደጋና ወይና ደጋ ነው። ከሻሸመኔ በላይ በሚገኘው የሙኔሳ ሻሸመኔ ደን ፓቱላና የፈረንጅ ጥድ ለጣውላ ይለማሉ። አዳማ ግን 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ፣ በጋዋ የረዘመ፣ ነፋሷ የሚያደርቅ ከተማ ናት። እዚህ «ታመመ» የሚባል ጥድ አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የተጠማ ነው፤ ተባይና ፈንገስ የሚበረቱበት ከተዳከመ በኋላ ነው።

ሕመሙን መለየት የሚጀመረው ቡናማው ቀለም ከየት እንደተነሣ በማየት ነው። ፓይን ከግንዱ አጠገብ ያሉ አሮጌ ቅጠሎቹን በየጊዜው ማርገፉ ተፈጥሮው ስለሆነ መድኃኒት አያሻውም። የቅጠሉ ጫፍ ብቻ ዙሪያውን ከተቃጠለ ጥማት ወይም ጨዋማ ውኃ ይጠረጠራል። የአካባቢው የከርሰ ምድር ውኃ በብዙ ቦታ ሶዲየምና ፍሎራይድ ስለሚበዛበት፣ በጉድጓድ ውኃ ብቻ የሚጠጣ ዛፍ ለዚህ ይጋለጣል። መፍትሔው ውኃውን አልፎ አልፎ ግን ጠለቅ አድርጎ ማጠጣት፣ ሥሩን በደረቅ ሣር መጎዝጎዝ፣ ከግንዱ ሥር የተለሰነውን ሲሚንቶ ማንሣት ነው።

በፈረንጅ ጥድ ላይ የከፋው ጠላት የጥድ ክሽክሽ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ሲናራ ኩፕሬሲቮራ ነው። አፍሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1986 በማላዊ ታየ፤ በ1990 ኬንያ ደረሰ፤ ከ2000 ወዲህ ኢትዮጵያ ገባ። የሐበሻ ጥድንም አይምርም። ሴቷ ያለ ወንድ ስለምትራባ ቁጥሩ በጥቂት ሳምንታት ያሻቅባል። ምልክቱን ለማየት የአጥሩን ቅርንጫፍ ገለጥ አድርጎ ወደ ውስጥ መመልከት ያስፈልጋል፦ ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር የሚሆኑ ግራጫ ቡናማ ነፍሳት ቀንበጡ ላይ ተደርድረው ይገኛሉ፤ ከበታቻቸው ያለው ቅጠል ያጣብቃል፣ በጥቁር ሻጋታ ይሸፈናል፣ ጉንዳንም ይመላለስበታል። መድረቁ ከውስጥ ወደ ውጭ ይሄዳል። በውጭ በኩል ሲታይ ብዙው ነገር አልፏል።

ጥቃቱ ሳይስፋፋ ከተደረሰበት ቀንበጡን በኃይለኛ ውኃ ማጠብና በፈሳሽ ሳሙና ውኃ በየሳምንቱ መርጨት ይበጃል። ሳሙናው የሚገድለው የነካውን ብቻ ስለሆነ ውስጡ መድረስ አለበት። ጠንካራ ፀረ ተባይ ያለ ግብርና ባለሙያ ምክር አይመከርም፤ ክሽክሹን የሚበሉትን ጥንዚዛዎችም ይፈጃል። በማላዊ እ.ኤ.አ. በ1994 ፓውሲያ የምትባል፣ ክሽክሹ ውስጥ እንቁላሏን የምትጥል ደቃቅ ተርብ ተባዩን ለመቆጣጠር ተለቃ ነበር።

የአትክልተኛ መቀስም ጉዳት ያመጣል። የፈረንጅ ጥድ ከአሮጌ እንጨት ዳግመኛ ስለማያቆጠቁጥ፣ እስከ ቡናማው ድረስ የተከረከመ አጥር እንደተቦደሰ ይቀራል።

የፈንገስ በሽታዎች ይበልጥ የደጋው ጣጣ ናቸው። በራዲያታ ቅጠል ላይ ቀያይ ቀለበት የሚያወጣው ዶቲስትሮማ ዝናብና ጉም ይወዳል፤ ምሥራቅ አፍሪካ ራዲያታን መትከል የቀነሰውም በእርሱ ምክንያት ነው። ዲፕሎዲያ በበረዶ ወይም በመቁረጥ በቆሰለ ለጋ ቀንበጥ ይገባል፤ ቀንበጡ ሙጫ እያለቀሰ ይደርቃል፣ በፍሬው ቅርፊት ላይም የመርፌ ራስ የሚያህሉ ጥቁር ነጠብጣቦች ይወጣሉ። የታመመውን በደረቅ ወቅት ቆርጦ ማቃጠልና መቁረጫውን በአልኮል መጥረግ ያስፈልጋል።

አርሚላሪያ ግን ከሥር የሚነሣ ነው። ዛፉ ሳይታሰብ ሲገረጣ ከመሬት ጠርዝ ላይ ያለው ቅርፊት ይላጣል፤ ከሥሩ የእንጉዳይ ሽታ ያለው ነጭ ስስ ሽፋን ከተገኘ በሽታው እርሱ ነው። የሚረጭ መድኃኒት የለውም። ዛፉ ከነጉቶውና ከነሥሩ ተነቅሎ ይወጣል፤ ፈንገሱ በተቀበረ ጉቶ ውስጥ ለዓመታት ስለሚቆይ በቦታው ወዲያው ጥድ አይተከልም።