«የሐያስያን አቀባበል»፦ ስለ አንድ አዲስ ስያሜ

በቡሬና በፍኖተ ሰላም ፕሌይስቴሽን ቤቶች ከትምህርት መልስ ተሰብስበው የኳስ ጨዋታ የሚጫወቱት ወጣቶች፣ ስለ ሌሎች የቪዲዮ ጨዋታዎች በስልካቸው ሲያነቡ ዘወትር የሚገጥማቸው፣ ነገር ግን በአማርኛ ጽሕፈት ገና ቋሚ ስም ያላገኘ አንድ ሐረግ አለ፤ እርሱም «ክሪቲካል ሪሴፕሽን» የሚባለው ነው። አንድ የጥበብ ሥራ ለሕዝብ በወጣ ጊዜ፣ የሥራውን ማዕረግ መመርመር ሙያቸው የሆነ ሰዎች በየፊናቸው የሰጡት ምስክርነት፣ ምስጋናውም ነቀፋውም፣ በአንድነት ሲታይ በዚህ ስም ይጠራል። እኛ «የሐያስያን አቀባበል» ብንለው ይሻላል እንላለን።

«ግምገማ» እንዳንለው ቃሉን የመሥሪያ ቤት ስብሰባ ወስዶታል፤ ሲሰማው ልቡ የማይፈራ ሠራተኛም ጥቂት ነው። «ፍርድ» የችሎት ነው። «ሂስ» ብቻውን ደግሞ፣ ሥሩ በግእዝ «ሔሰ»፣ ማለትም ነቀፈ፣ ስለ ሆነ ለውዳሴ ቦታ የሚያጠብ ከመሆኑም በላይ፣ በአብዮቱ ዘመን «ሂስና ግለ ሂስ» እየተባለ የደረሰበት ነገር ገና ከጆሮ አልጠፋም። «ሐያሲ» ግን በደራስያን መካከል ሲኖር አመስጋኝም ነቃፊም መሆንን ተለማምዷል። «አቀባበል» የድግስ ቃል ነው የሚል ቢኖር፣ እንግዳ ፊትን አጥቁሮም እንደሚቀበሉት፣ አቀባበልም ሞቅ ያለ ወይም ቀዝቃዛ እንደሚባል እናሳስበዋለን።

ዋሸራንና ጎንጅን ያህል የቅኔ ቤት ለያዘ አገር ነገሩ ራሱ እንግዳ አይደለም። በጉባኤ ፊት ቅኔውን የሚያሰማው ደቀ መዝሙር ምሥጢሩ ሲሰምርለት «ይበል!» ይባልለታል፤ ቤቱ ሳይመታ ወይም ምሥጢሩ ተፋልሶ ሲገኝ እዚያው ይታረማል። በቪዲዮ ጨዋታ ዓለም ግን የመጨረሻውን ቃል የሚናገር መምህር ስለሌለ፣ ሰዎች በቁጥር ሊተኩት ሞክረዋል። ፋሚትሱ የተባለው የጃፓን መጽሔት ለአራት መርማሪዎች እያንዳንዳቸው ከ10 እንዲሰጡ አድርጎ ከ40 ይደምራል፤ ሜታክሪቲክ የተባለው ድረ ገጽ ደግሞ የልዩ ልዩ ጋዜጦችንና መጽሔቶችን ነጥብ ወደ 100 ለውጦ፣ ለአንዳንዶቹም ከሌሎቹ የበለጠ ክብደት ሰጥቶ፣ አማካዩን ያወጣል።

ቁጥሩ ስንቱን ነገር እንደሚውጥ ለመረዳት በጥር 2022 እ.ኤ.አ. በኒንቴንዶ ስዊች መጫወቻ የወጣውን «ፖኬሞን ሌጀንድስ፦ አርሴውስ»ን መመልከት ይበቃል። ፖኬሞን በ1996 እ.ኤ.አ. ሲጀመር፣ በልጅነቱ ነፍሳትን እያደነ ይሰበስብ የነበረው ሳቶሺ ታጂሪ ያንኑ ደስታ ለከተማ ልጆች ሊያቀርብ አስቦ የፈጠረው፣ ልዩ ልዩ ፍጥረታትን ይዞ የመሰብሰብ ጨዋታ ነበር፤ ይሁን እንጂ ለሃያ አምስት ዓመታት ያህል፣ በተራ በተራ በሚካሄደው የፍጥረታቱ ውጊያ ውስጥ ተጫዋቹ ራሱ ከዳር ሆኖ የሚያዝዝ እንጂ የሚነካ አልነበረም። በአርሴውስ፣ በጃፓኗ ሆካይዶ አምሳል በተሠራው በጥንቱ የሂሱይ ምድር፣ ተጫዋቹ በሣር ውስጥ አድፍጦ ፍጥረታቱን የሚይዝበትን ኳስ ራሱ እያነጣጠረ ይወረውራል፤ የተቆጣውም ፍጥረት በእርሱ ላይ ይዘምትበታል፣ እርሱም ተንከባልሎ ያመልጣል። ሐያስያኑ ይህን ነፃነት እጅግ አደነቁት፤ እነዚያው ሰዎች፣ ብዙ ጊዜም በዚያው ጽሑፍ ውስጥ፣ መልክዓ ምድሩ የተራቆተና ሥዕሉ ለዘመኑ የማይመጥን ነው ብለው ነቀፉ። ሜታክሪቲክ ይህን ሁሉ 83 አለው። ከዚህ ቁጥር ውስጥ ኳስ መወርወሩን ማን እንደ ወደደ፣ በተራቆተው ሜዳ ማን እንዳዘነ ሊያነብ የሚችል የለም። ገዢው በበኩሉ ነቀፋው ሳያግደው በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ ከ6.5 ሚሊዮን በላይ ቅጂ ወሰደ፤ ስለዚህም የገበያን ምላሽ በዚህ ስያሜ ውስጥ መጨመር ስሕተት ይመስለናል፤ እርሱ «ሽያጭ» የሚል የታወቀ ስም አለው።

ስያሜው ከዚህ ቀጥሎ እንደሚታየው ሊገባ ይችላል፦ «በጥቅምት 2025 እ.ኤ.አ. የወጣው ‹ፖኬሞን ሌጀንድስ፦ ዚ ኤ› የሐያስያን አቀባበሉ የተከፈለ ነበር፤ ተራ መጠበቅን ያስቀረውን ውጊያውን አመሰገኑ፣ ጨዋታው ከዳር እስከ ዳር የሚካሄድባትን የሉሚዮስን ከተማ ሕንፃዎች ግን ግድግዳ ላይ እንደ ተለጠፈ ሥዕል ቆጠሯቸው፣ ገጸ ባሕርያቱም አፋቸውን ሲያንቀሳቅሱ ድምፅ አለመሰማቱን ነቀፉ።»