ካኬክሲያ

ካኬክሲያ ሐኪሞች እንደ ካንሰር ባሉ ከባድ ሕመሞች ለሚመጣ ክሳት የሰጡት ስም ነው፤ ከግሪክኛ የተወሰደ ነው። ረሃብ ከሚያመጣው ክሳት ይለያል። የተራበ ሰው ሰውነት ስቡን እያነደደ ጡንቻውን ለመቆጠብ ይጥራል፤ በካኬክሲያ ግን ጡንቻው አብሮ ይሟሟል። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፍ መለኪያ በ6 ወር ውስጥ ከ5 በመቶ በላይ ክብደት መቀነስን ይጠቅሳል። 60 ኪሎ የነበረ ሰው ከ57 ሲወርድ ማለት ነው።

በካንሰር ጊዜ ዋነኛ መነሻው ዕጢውና የሰውነት መከላከያ ሴሎች ወደ ደም የሚለቋቸው ሳይቶካይን የሚባሉ ኬሚካሎች ናቸው። አንጎል ላይ ደርሰው ረሃብን ያጠፋሉ፤ ጡንቻ ፕሮቲኑን እንዲያፈርስ ያደርጋሉ። ድካሙም በከፊል ከዚሁ ይመጣል። ቲኤንኤፍ የተባለው ሳይቶካይን ቀድሞ «ካኬክቲን» ይባል የነበረው ለዚህ ነው።

ጫት በሚቃምባት በገለምሶ ከተማ ቃሉን ማወቅ ይበልጥ ይጠቅማል። ጫት የምግብ ፍላጎት ስለሚዘጋ፣ የሚቅም ሰው ሲከሳ «ጫቱ ነው» ተብሎ ሊታለፍ ይችላል። ሳይታሰብ የመጣ ክሳት ግን መመርመር አለበት።

እኔን የሚያሳዝነኝ በማዕድ ዙሪያ የሚሆነው ነው። እናት ጉርሻ ትዘረጋለች፣ ታማሚው ፊቱን ያዞራል፤ «እምቢተኛ ሆነ» ይባላል። እምቢ ያለው አንጎሉ ነው። ምግብ ብቻውን ካኬክሲያን ሙሉ በሙሉ አይመልሰውም፤ ቢሆንም ሳያስገድዱ በትንሽ በትንሹ ቶሎ ቶሎ ማቅረብ ይረዳል። ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ የክብደቱን ለውጥ ከነወሩ ንገሩ።