ማረሻ ሠርተው መሬት የተነፈጉ

የአገራችን ገበሬ ያለ ባለእጅ አርሶ አያውቅም። የማረሻው ብረት፣ ማጭዱና ዶማው ከቀጥቃጩ ወናፍ ሥር ይወጣሉ፤ ምጣዱ፣ ጋኑና ጀበናው የሸክላ ሠሪዋ የእጅ ሥራ ናቸው። ይህን ሁሉ የሠራው ሰው ግን ለብዙ መቶ ዓመታት ከርስት ተገፍቶ ኖሯል። ስለ ጤፍና ስለ በሬ ብዙ ጽፈናል፤ ስለዚህ ግፍ የጻፍነው ጥቂት ነው።

በሰሜን የቤተ እስራኤል ታሪክ ምስክር ነው። በ15ኛው መቶ ዘመን ዐፄ ይስሐቅ ያልተጠመቀ ሰው የአባቱን ርስት እንዳይወርስ ማዘዛቸው በትውፊት ይነገራል። ርስቱን ያጣው ሕዝብ በጎንደር ዙሪያ የሰው መሬት እያረሰ፣ ብረት እየቀጠቀጠ፣ ሸክላ እየሠራ ኖረ። ጎረቤቱ ደግሞ ሙያውን የቡዳነት ምልክት አደረገበት። ጠዋት ማረሻውን ከቀጥቃጩ ዘንድ ያሳለ ገበሬ፣ ማታ ልጁ ቢታመምበት ያንኑ ቀጥቃጭ ይጠረጥር ነበር።

በደቡብ መልኩ ይለያል እንጂ ነገሩ ያው ነው። በጉራጌ ፉጋ እየተባሉ የተጠሩት ሰዎች የሌላውን ቤት ምሰሶ ያቆሙ ነበር፤ የአፈሩን በረከት ያጠፋሉ ተብሎ ግን እንሰት ከማልማት ተከልክለው ነበር። በካፋ ማንጆ የሚባሉት ሰዎች ከሰል ለገበያ ያቀርባሉ፤ ሰው ቤት ሲደርሱ ግን ከደጅ ተቀምጠው በቅጠል ይቀርብላቸው ነበር። እጃቸው የነካውን ምግብ ሌላው አይበላም ነበር። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያመኝ ይህ ነው፤ ወተቱንና ቅቤውን የሚገዛው ያጣ ሰው መሬትና ላም ቢያገኝ እንኳ ከድህነት በምን ይወጣል?

ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሰውን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከለከሉ። አዋጁ ስድቡን እንጂ የመሬቱን ጉዳይ አልነካም። መሬቱን የነካው የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ነው፤ የአንድ ቤተሰብ ይዞታ ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወሰነ፤ ጭሰኝነትንም ሻረ። ብዙ ባለእጆች ለመጀመሪያ ጊዜ የራሳቸውን ማሳ ያገኙት ያኔ ነው፤ የአዋጁን ታላቅነት ማሳነስ አይገባም። ሆኖም የገበሬ ማኅበራት ድልድሉን ሲመሩ፣ በአንዳንድ ቦታ ለባለእጁ የደረሰው ጠባቡና ተዳፋቱ ነበር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አርሶ አደር መሬት በነፃ የማግኘት መብት አለው ቢልም፣ ያኔ የሚደለደለው መሬት በአብዛኛው ተይዞ አልቆ ነበር።

ሸክላ ሠሪዋ ዛሬ ሌላም ጭንቅ አለባት። ማገዶው ተወድዷል፤ ፕላስቲኩ ጀሪካን እንስራዋን ከገበያ አስወጥቷል። እናቷ በነፃ ስትቆፍር የነበረው የሸክላ አፈር በሌላ ሰው ይዞታ ውስጥ ገብቶ በገንዘብ የምትለምነው ሆኗል። ወረዳዎች የይዞታ ደብተር ሲሰጡ የማሳውን ድንበር ይለካሉ፤ የሸክላ አፈር የሚወጣበትንም ስፍራ ለክተው በሸክላ ሠሪዎቹ የወል ስም ሊመዘግቡት ይገባል።